ቬሎው ላይ የዘለለችው ዶቃ

ሰኞ

አማቴ ዛሬ ገቡ። ባለፈው ሳምንት የነፈሰው ነፋስ የቤታቸውን ጣሪያ ገንጥሎ የጎረቤት አጥር ላይ ስለከመረው፣ እስኪጠገን ድረስ እኛ ዘንድ ይቆያሉ። ባለቤቴ በስልክ «ምን አለበት፣ ጥቂት ሳምንት ቢሆን ነው» አለኝ። እሱማ ምን አለበት! የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጥቂቱን ሳምንት የሚያሳልፈው መንገድ ላይ ነው።

ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ትራስ («የሰው ትራስ አይስማማኝም») እና በቅርጫት ውስጥ አንዲት ግራጫ ድመት ነው። ድመቷ ወይዘሪት ትባላለች። በድመት ዕድሜ ቢሰላ የአማቴ እኩያ ትሆናለች፤ ግን እስካሁን ወይዘሪት ናት። ከቅርጫቱ ወጥታ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ ቃኘችና፣ ልክ እንደ አሳዳጊዋ፣ ሳልወለውለው የቀረሁትን ጥግ መርጣ እዚያው ቆመች።

ውሻዬ ሻለቃ ከስፌት ክፍሉ ብቅ ብሎ አያት። ሻለቃ ስሙ ነው እንጂ ነጎድጓድ በሰማ ቁጥር ስፌት መኪናዬ ሥር የሚወሸቅ ፍጥረት ነው። ወይዘሪት አንዴ ፍፍ ብትልበት ጅራቱን ሸጉጦ ተመለሰ።

«ውሻ ቤት ውስጥ ያድራል እንዴ?» አሉ አማቴ።

«ድመትም ያድራል እኮ እማማ።»

«ድመትማ ሰው ናት።»

ምን ይባላል? ሻይ አፈላሁ። መኝታ ቤቱን ለእሳቸው ለቅቄ እኔ ስፌት ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ አንጥፌያለሁ።


ረቡዕ፣ በችኮላ

የምሰፋላት ሙሽራ ቬሎ ተቆርጧል። ዶቃው አልመጣም። ነጭ ክር አልቋል። አማቴ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ በራሳቸው ሥርዓት ደርድረውታል፤ ጨው ፍለጋ ግማሽ ጠዋት አለፈ።

ስፌት ክፍሉ ውስጥ ያነጠፍኩት አዲሱ ምንጣፍ ግን አምሮበታል። አዲስ ማለቴ ለእኔ አዲስ ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ ሻጩ ነው የገዛሁት። ሙሽሮች ባዶ እግራቸውን ሲቆሙ ሲሚንቶው እንዳይቀዘቅዛቸው። አማቴ አይተውት «ማን ቤት እንደኖረ ማን ያውቃል» አሉ። እሳቸው አስተያየት የማይሰጡበት ነገር የለም።

ቁርጭምጭሚቴን ምን እንደሚበላኝ እንጃ። ካልሲው ይሆናል።


ዓርብ ማታ

አገኘኋት! ነጭ ካልሲዬ ላይ፣ የሰሊጥ ፍሬ የማታህል ቡናማ ነገር። ጣቴን ላሳርፍባት ስል የለችም።

ቁንጫ ናት። እዚህ ቤት ስኖር ቁንጫ አይቼ አላውቅም። ድመቷ ገብታ ሳምንት ሳይሞላት ቁንጫ ታየ። ይህን ለመደመር ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ራት ላይ በትሕትና ነው ያነሳሁት። «እማማ፣ ወይዘሪት ምናልባት ቁንጫ ይዟት ይሆን?»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ወይዘሪት ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትልስ የምትውል ድመት ናት። ያንቺን ሻለቃ ማን ይልሰዋል?»

«እኔ በየሳምንቱ አበጥረዋለሁ።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። እንግዳ ስለሆነች ነው የተጠረጠረችው።»

በየሳምንቱ ያልኩት ትንሽ ተጋኗል። የሠርግ ወቅት ከገባ ወዲህ የራሴንም ፀጉር አበጥሬ አላውቅም። ግን ሻለቃ ንጹሕ ውሻ ነው፤ ፊቱ ያስታውቃል።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ቁንጫው የሚበዛው ስፌት ክፍሉ ውስጥ ነው። ወይዘሪት ደግሞ የመኪናውን ድምፅ ስለምትጠላ ደጃፉን እንኳ አትረግጥም። እንዴት እንደሆነ እንጃ። ትልካቸዋለች መሰለኝ።


ቅዳሜ

ልብስ አስጥቼ ስመለስ አማቴ ከልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ በሩ ክፍት ነበር፣ እኔም ቆሜ ነበር።

«ሙያማ አላት፣ አልዋሽም። እጇ ወርቅ ነው። ትንሽ ትኮራለች እንጂ።» ከዚያ ሲያዳምጡ ቆዩ። «ኧረ ምን ትቀየመኛለች! አልተቀየመችኝም። አልወደደችኝም፣ ያ ብቻ ነው።»

ቀስ ብዬ ተመልሼ ወጣሁ። ደርቆ የነበረ ሸሚዝ ከገመዱ ላይ አውርጄ እንደገና አሰጣሁት።


እሑድ

ዛሬ ቤቴ ውስጥ አንድ ወንጀልና አንድ ሕክምና ከሸፉ። ወንጀሉ የአማቴ፣ ሕክምናው የእኔ።

ከጓሮ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ ሻለቃ ከቧንቧው ጋር ታስሮ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ሜዳልያ እንደሚጠብቅ ወታደር ተቀምጧል። አማቴ በአንድ እጃቸው ጨርቅ፣ በአንድ እጃቸው የነጭ ጋዝ ጠርሙስ ይዘዋል።

«እማማ! ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ልቀባው ነዋ። እኛ ልጆች ሆነን መድኃኒቱ ይኸው ነበር።»

«ቆዳው ይላጣል! ደግሞ ይልሰዋል! አጠገቡ ክብሪት ቢጫርስ?»

«ምነው፣ ሲጋራ ያጨሳል?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ዋጥኩት። ጠብ ላይ ነበርን።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ሄጄ የቁንጫ ጠብታ ገዛሁ። ለሻለቃ ትከሻው መካከል ጠብ ጠብ አደረግኩለትና ለወይዘሪትም የሚሆን አተረፍኩ። ደግ ልሁን ብዬ ነው። አማቴ ድመታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ዕቃውን አገላብጠው አዩ።

«እዚህ ላይ የተሳለው ምንድን ነው?»

«ውሻ ነው።»

«ወይዘሪት ውሻ ናት?»

«ቁንጫ እንደሆነ ውሻና ድመት አይለይም እማማ።»

«ቁንጫው አይለይ ይሆናል። መድኃኒቱ ቢለይስ?»

ድመቷን ይዘው መኝታ ቤት ገቡና ከውስጥ ቆለፉ። ባለቤቴ ግትርነቱን ከማን እንደወረሰ ዛሬ ገባኝ።


ማክሰኞ

ዛሬ ጉድ ሊፈላ ነበር።

ሙሽራዋ ከአክስቷ ጋር ለልኬት መጣች። ሙሽራዋ ዝምተኛ፣ ፈገግተኛ ልጅ ናት። አክስቷ ግን ዓይኗ የተሳለ ነው፤ ገና ከመግባቷ የመስኮቴን ስንጥቅ አየች። ሙሽራዋን ምንጣፉ ላይ መስታወቱ ፊት አቆምኳት፣ ቬሎውን አለበስኳት፣ ስፒል በአፌ ይዤ ወገቧን መሰካት ጀመርኩ።

«ይቺ ደረቷ ላይ ያለችው ጥቁር ነገር ምንድን ናት?» አለች አክስት።

ቀና አልኩ። እሷው ናት። ነጩ ሳቲን ላይ እንደ ቤቷ ተደላድላ ተቀምጣለች።

«ዶቃ ናት» አልኩ፣ ስፒሉን ከአፌ ሳላወጣ።

«ጥቁር ዶቃ? ነጭ ቬሎ ላይ?»

«አሁን የመጣ ፋሽን ነው።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ዶቃዋ ዘለለች። ከደረት ወደ ትከሻ።

አማቴ የሻይ ትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ትሪውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «እስቲ የኔ ልጅ፣ ክር ይዞሻል» አሉና ሁለት ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ከትከሻዋ ላይ ለቀም አደረጓት። ከሻርፓቸው ሥር ጥፍር ከጥፍር ሲገናኝ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። «የዛሬ ክር እኮ ቀላል ነው» አሉ ለአክስቷ፣ «ሰው በተነፈሰ ቁጥር ይዘላል። ስኳር ስንት ላድርግልሽ?»

እንግዶቹ ሲሄዱ ሁለታችን ምንጣፉ ላይ ተፋጠን ቆምን። አመሰግናለሁ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ይህችም ከወይዘሪት ነው የመጣችው እንዳትዪኝ» አሉ።

«ምንም አላልኩም።»

«ዓይንሽ ብሏል።»


ሐሙስ

ባለቤቴ ለአንድ አዳር መጣ። እናቱን ሳመ፣ እኔን ሳመ፣ ከሁለታችንም የየበኩላችንን ክስ ሰማ፣ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ብሎ ፈረደ። እንዲህ ያለ ዳኛ አይጥፋብን! ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ብዙ ሳይቆይ ብድግ አለ። ጀርባውን እያከከ፣ ሆዱን እያከከ፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወጣ።

«ወዴት ነው?»

«መኪናዬ ውስጥ ልተኛ። እናንተ ሰዎች እዚህ እንዴት ትኖራላችሁ?»

ያንን የሚያህል ሰው ቁምጣውን እየጎተተ በጓሮ ሲያልፍ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሳቅ ሰማሁ። እኔም እየሳቅኩ ነበር። በየክፍላችን ሆነን ነው የሳቅነው፤ አብረን አይባልም።

ጠዋት ሲሄድ የጣሪያው ቆርቆሮ መመታት መጀመሩን ነገረን። ጥሩ ነው። ቤቱ ጸጥ ይላል።


ቅዳሜ፣ በችኮላ

ዶቃው መጣ። የቬሎው አንገት ዙሪያ ተጀምሯል። ሻለቃ ቁርሱን አልበላም። ሌሊት ነጎድጓድ ስለነበረ ይሆናል።


እሑድ

ዛሬም አልበላም። ሥጋ ሰጠሁት፤ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ወይዘሪት አጠገቡ አልፋ ስትሄድ አልፈራትም። ይህ ነው ያስደነገጠኝ።

«ይህ ውሻ ታሟል» አሉ አማቴ።

«ሙቀቱ ነው።»

«ምን ሙቀት? ዝናብ እየጣለ?» ወገባቸውን ይዘው አጎነበሱ፤ ለእሳቸው መጎንበስ ቀላል አይደለም። ከንፈሩን ገለጥ አደረጉት። «ነይ ድዱን እዪ። ወረቀት መስሏል።»

አየሁ። ሽንቱንም ጓሮ ሲያጥቡ እንዳዩት ነገሩኝ፤ እንደ ጠቆረ ሻይ ነው አሉ። እኔ ቬሎ ላይ አቀርቅሬ እሳቸው የውሻዬን ሽንት ሲከታተሉ ነበር ማለት ነው።

ነገ ጠዋት ሐኪም።


ሰኞ ማታ

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጇ ሁሉ የድመት ጥፍር ጠባሳ። ሻለቃን ጠረጴዛው ላይ አወጣነው፤ እኔ ከፊት፣ አማቴ ከኋላ ይዘውት። ሙቀቱን ለካች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ድዱን አየች። ከዚያ ጆሮውን ገለበጠችው።

እዚያ ነበሩ። መዥገሮች። ግራጫ፣ በደም የተነፉ፣ በጆሮው እጥፋት ውስጥ እንደ አንድ ቤተሰብ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በእግሩ ጣቶች መካከልም ነበሩ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ጆሮውን ያያችሁት መቼ ነው?»

«በየ…» አልኩ።

«እኛ ቤት ሥራ በዝቶ ነበር» አሉ አማቴ።

እኛ አሉ።

ሐኪሟ ደሙን ቀድታ በአጉሊ መነጽር አየች። መዥገር ደም መጥባቷ ብቻ አይደለም ክፋቷ፤ እየጠባች በሽታ ታስገባለች። የሻለቃም ደም ውስጥ ገብቷል። መርፌ ወጋችው። ከዚያ በወረንጦ መዥገሮቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ ቆዳው ጥግ ድረስ ዝቅ ብላ ትይዛለች፣ ሳትጠመዝዝ ቀጥ አድርጋ በቀስታ ትስባለች። «ዘይት አይቀባም፣ በእሳት አይነካም፣ በጥፍርም አይፈረጥም» አለች። አማቴ እጃቸውን ሻርፓቸው ሥር ከተቱ።

ስለ ቁንጫውም ጠየቅናት። እንስሳው ላይ የምናየው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ያለው ቤት ውስጥ ነው አለች። እንቁላሉ እየረገፈ ምንጣፍና ፍራሽ ውስጥ ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ ከዚያ ክር ፈትሎ ራሱን ይጠቀልልና ለወራት ይተኛል።

«ክር ይፈትላል?» አልኩ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው።

«ይፈትላል። የሰው ሙቀትና የወለል ንዝረት ሲሰማው ‹ምግብ መጣ› ብሎ ይወጣል። በቅርቡ ያገለገለ ዕቃ ቤታችሁ ገብቷል? ፍራሽ፣ ሶፋ፣ ምንጣፍ?»

«የለም» አልኩ።

አማቴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የላም ሥዕል በከፍተኛ ትኩረት መመልከት ጀመሩ።

«እንዲያው ለማወቅ ያህል» አሉ ቆየት ብለው፣ ዓይናቸውን ከላሟ ሳይነቅሉ፣ «የውሻ ጠብታ ለድመት ይሆናል?»

ጠብታው ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር አወጣሁት። ሐኪሟ ጽሑፉን አንብባ ቀና አለች። «አድርጋችሁላታል?»

«የለም፣ የለም።»

«እንኳንም አላደረጋችሁ። ይህኛው ድመት ይገድላል።»

አማቴ ዓይናቸውን ከላሟ ነቅለው እኔን አዩኝ። ደግነቱ ሐኪሟ ቀጠለች፦ «ነጭ ጋዝ የሚቀቡም አሉ። እሱም ያው ነው፤ ያቃጥላል፣ ይመርዛል።» ይኼኔ እኔም ላሟን አየኋት። ቆንጆ ላም ናት።

ስንወጣ ሐኪሟ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «መብላት ከጀመረ ተርፏል። ሳይጀምር ሳምንቱ ካለቀ ግን…» አለችና ትከሻዬን ነካች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሻለቃ ባለቤት እኔ ነኝ። ጆሮው ለእኔ ባዳ ሆኖ ከረመ። አሁን እግሬ አጠገብ ተኝቷል፤ ሲተነፍስ ጎኑ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ለመጻፍ ብዬ አይደለም ያልተኛሁት።


ማክሰኞ

አልበላም። ውኃ በማንኪያ።

ምንጣፉን አውጥቼ ጠቅልዬ ከግቢ አስወጣሁት። ለጥንቃቄ ያህል ነው። ስፌት መኪናዬ ወለሉን ምን ያህል እንደሚያንቀጠቅጠው ማንም አልጠየቀኝም። አማቴ ምንጣፉን ስጎትት አይተው በሩን ያዙልኝ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።


ረቡዕ

አልበላም። ከዶቃው ሥራ ተነስቼ ሳየው ከጭንቅላቱ ሥር ትራስ አለ። የአማቴ ትራስ።

«እማማ፣ እርስዎ በምን ይተኛሉ?»

«ሻርፕ አጥፌ። ዞር በይ፣ ብርሃን ከለከልሽው።»

ከሰዓት የሙሽራዋ አክስት ደወለች። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። ክር ሰው ይነክሳል ወይ ብላ ጠየቀች። ቬሎውን ወስጄ ለሌላ ልብስ ሰፊ እሰጣለሁ አለች፤ ወሬውንም እንደምትነዛ ድምፅዋ ይናገራል። ይህ ከሆነ የዘንድሮ ሠርግ ለእኔ እዚህ ላይ አበቃ።

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አማቴ ሻለቃን እያሹ «እውነቱን ንገሪያት» አሉ።

«ክር ነው ያሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እኔ አሮጊት ነኝ፣ ዓይኔ አያይም። አንቺ ግን ይታይሻል።»

ለሙሽራዋ ለራሷ ደወልኩ። ቤቴ ቁንጫ ገብቷል፣ ዶቃ ያልኩሽ ቁንጫ ነው፣ ውሻዬም ታሟል አልኳት። ቬሎው ታጥቦ፣ በእንፋሎት ተተኩሶ፣ የቀረው ሥራ ከፈቀድሽ እናንተ ቤት ይጠናቀቃል አልኳት። ሳቀች። «እኔ እኮ ውሻ ያለበት ቤት ነው ያደግኩት። ቁንጫ መሆኗን ገና ስትዘል አውቄያለሁ። እናትሽ በጣም ስላሳቁኝ ነው ዝም ያልኩት። ውሻው እንዴት ነው?»

እናትሽ አለች። አላረምኳትም፤ ስልክ ላይ ዝርዝር ውስጥ መግባት አያስፈልግም።


ዓርብ

ጦርነት። አንሶላ፣ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ ሁሉ በፈላ ውኃ። ፍራሹ ፀሐይ ላይ። የጎረቤትን የአቧራ መሳቢያ ማሽን ተውሰን የወለሉን ስንጥቅ ሁሉ ሳብን፤ የአቧራውን ከረጢት ወዲያው አስረን ከግቢ ውጭ። ለወይዘሪት ሐኪሟ የሰጠችው የራሷ የድመት መድኃኒት አለ፤ አማቴ ሥዕሉን ሁለቴ አይተው ፈቀዱ።

ሐኪሟ አንድ ብልሃት ነግራናለች። ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበት አድርጎ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት። ቁንጫ ካለ ካልሲው ላይ ይታያል። ስለዚህ እኔና አማቴ የባለቤቴን ረጅም ነጭ ካልሲዎች አጥልቀን፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ ስፌት ክፍሉን እየዞርን ተንጎራደድን።

«እንደ ሙሽራ ቀስ ብለሽ» አሉኝ።

«እርስዎ እንደ ጀኔራል ነው የሚሄዱት።»

«ሻለቃ ሲታመም ማን ይምራ ታዲያ?»

ከዚህ በኋላ መራመድ አልቻልንም። ግድግዳው ላይ ተደግፈን እስክናነባ ሳቅን። ሻለቃ ጭንቅላቱን ከትራሱ ቀና አድርጎ አየን። ከዚያ መልሶ ጣለው። ሳቃችን ያኔ ቆመ።

አልበላም።


ቅዳሜ

ጠዋት ወጥ ቤት ሆኜ ሾርባ ሳማስል አማቴ «ሌባ!» ብለው ሲጮኹ ሰማሁ። ማንኪያ ይዤ ሮጥኩ። ሻለቃ በሚንገዳገዱ እግሮቹ ሳሎን ድረስ ሄዶ የወይዘሪትን ሳህን እየላሰ ነው። ወይዘሪት አንድ ክንድ ርቃ ተቀምጣ ታየዋለች። ፍፍ አላለችም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም ይላሉ፤ እሷ ግን ለአንድ ጠዋት ረሳች።

«ሌባ! አንተ ሌባ! አንተ የተረገምክ ሌባ!» ይላሉ አማቴ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። «ጨርሰው! ሌላ እጨምርልሃለሁ!»

እኔ አላለቀስኩም። ሾርባው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።


ሐሙስ

ቬሎው ሄደ። የመጨረሻዎቹን ዶቃዎች ሙሽራዋ ቤት ሆነን ሰፋን፤ አማቴ መርፌ ውስጥ ክር እያስገቡልኝ። ዓይናቸው አያይም ያሉት ውሸት ነው፤ ከእኔ ይልቅ ያያሉ። አክስቷ ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ነካክታ አየች። አንዱም አልዘለለም።

ሻለቃ ከራሱ ሳህን ወደ ወይዘሪት ሳህን እየተመላለሰ ነው።


ሰኞ

እግሬን በላኝ። ካልሲዬን አየሁ፤ አንዲት ቁንጫ!

ደንግጬ ለሐኪሟ ደወልኩ። ይጠበቃል አለችኝ። በክራቸው ተጠቅልለው የተኙት ገና ይወጣሉ፤ መጥረጉ፣ ማጠቡ አይቋረጥ፤ የሁለቱም እንስሳት መድኃኒት በየወሩ፣ ለሦስት ወር ይደገም አለች። ሻለቃ ደግሞ ከደጅ በተመለሰ ቁጥር ጆሮው፣ ብብቱና የእግሩ ጣቶች መካከል ይታይ።

አማቴም አጠገቤ ሆነው ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል።

ማታ ማታ የሻለቃን ጆሮ ማየት የእኔ፣ ጣቶቹን ማየት የእሳቸው ሥራ ሆኗል። ወይዘሪት በመካከላችን ትተኛለች፤ ከስፌት ክፍሉ ደጃፍም አልፋ መግባት ጀምራለች። ስፌት መኪናው ሲሠራ ጆሮዋን አጥፋ ትታገሣለች። ሰው ብዙ ነገር ይለምዳል።


ዓርብ

ባለቤቴ ደወለ። ጣሪያው አልቋል። እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ አለ።

ጥሩ ነው። መደርደሪያዬን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ጨው የት እንዳለ ማወቅ ጥሩ ነው። መኝታ ቤቴም ይመለሳል። ጥሩ ነው።


እሑድ

ጠዋት አማቴ ሻንጣቸውን አልጋው ላይ ከፍተው ቀሚሶቻቸውን እያጠፉ ነበር። ሻለቃ ሻንጣው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፤ አስወጡት፤ ተመልሶ ገባ። ባለቤቴ ውጭ መኪናውን እያሞቀ ነው። በሩ ላይ ቆምኩ። እጄ ውስጥ ጨርቅ ነበር፤ የበሩን እጀታ መወልወል ጀመርኩ።

«እማማ።»

«ወይ።»

«ሐኪሟ ያለችው… ሁለቱ እንስሳት መድኃኒቱን ሲወስዱ አንድ ቤት ውስጥ መሆን አለባቸው። ቢለያዩ አይሠራም። እስኪያልቅ ድረስ አብረው መቆየት አለባቸው።»

ሐኪሟ እንዲህ አላለችም። እንዲህ ያለ ነገር ትዝም አላላትም። አማቴም ይህን ያውቃሉ፤ ጆሯቸው ስልኩ ላይ ነበር።

ቀሚሱን እጃቸው ላይ እንደታጠፈ ይዘው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔ እጀታውን ወለወልኩ።

«አዎ» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ስትል እኔም ሰምቻታለሁ።»

ቀሚሱን ወደ ቁም ሳጥኑ መልሰው ሰቀሉት። ሌላውንም ሰቀሉት። ከዚያ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ስድስት ወር ነው ያለችው አይደል?» አሉ።

ሦስት ነው ያለችው።

«ስድስት ነው» አልኩና ለባለቤቴ ሞተሩን እንዲያጠፋ ልነግረው ወጣሁ።